ኮምፒውተሩ አርጅቷል ያለው ማን ነው?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም በዓለም ዙሪያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በአንድ ጀንበር «ጊዜ ያለፈባቸው» ሆኑ። አንዱም አልተቃጠለም፣ አንዱም አልተሰበረም። በማግስቱ ጠዋት ሲከፈቱ እንደ ወትሯቸው ሠሩ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ በዚያ ቀን አቆመ።

ተተኪው ዊንዶውስ 11 አለ፤ ግን ሁሉን አያስገባም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ያሉትን አይቀበልም። ይህ ትውልድ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስለዚህ በ2016 የተገዛ፣ ዛሬም ደብዳቤ የሚጽፍና ልጆችን የሚያስጠና ማሽን በር ላይ ይመለሳል። እዚህ አገር ደግሞ ብዙው የቤት ኮምፒውተር ዘመድ ከውጭ የላከው ወይም «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የተገዛ ነው። አዲስ ግዙ የሚለው ምክር ለብዙ ቤተሰብ ምክር ሳይሆን ቀልድ ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። ብረቱ ደህና ከሆነ፣ አርጅቷል ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ አርባ ዓመት ያህል መመለስ ያስፈልጋል።

አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን እ.ኤ.አ. በኦገስት 1981 ሲያስተዋውቅ ማሽኑና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አንድ አካል አልነበሩም። ገዢው ከሦስት ሲስተሞች መምረጥ ይችል ነበር። አንደኛው በ40 ዶላር የሚሸጠው ዶስ ነው። ዋና ተፎካካሪው ሲፒኤም-86 240 ዶላር ያወጣ ስለነበር ገበያው ወዴት እንዳደላ መገመት አይከብድም። ማይክሮሶፍት የዶስን መነሻ ከአንድ የሲያትል አነስተኛ ኩባንያ የገዛው በድምሩ 75,000 ዶላር አውጥቶ ነው። ለአይቢኤም ሲያቀርብ ግን ለሌሎች አምራቾች የመሸጥ መብቱን አልለቀቀም። ሀብቱ የተገነባው በዚያች አንቀጽ ላይ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የክፍያ ስልት የባሰ ነበር። ብዙ አምራቾች ዶስ የጫኑበትም ሆነ ያልጫኑበት ማሽን ቢሆን፣ በሸጡት ፕሮሰሰር ቁጥር ልክ ለማይክሮሶፍት ይከፍሉ ጀመር። ሌላ ሲስተም ለመጫን የፈለገ አምራች ሁለት ጊዜ መክፈል ነበረበት። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጉዳዩን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1994 በስምምነት እንዲቀር አደረገ። እስከዚያ ድረስ ግን ልማዱ ሥር ሰዷል። ኮምፒውተር ማለት ዊንዶውስ ሆኗል። እዚህም ሰው ጥገና ቤት ሄዶ «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫንልኝ» አይልም፤ «ፎርማት አድርገህ ዊንዶው ጫንልኝ» ይላል።

በሌላ በኩል ይህን የማይቀበሉ ሰዎች ነበሩ። በአሜሪካው ኤምአይቲ የሚሠራው ሪቻርድ ስታልማን የላቦራቶሪው ፕሪንተር ወረቀት እየነከሰ ሲያስቸግር ሶፍትዌሩን ለማስተካከል ፈለገ። የፕሮግራሙን ጽሑፍ የያዘው ሰው ግን ላለማሳየት ውል ስለፈረመ ከለከለው። ስታልማን ከዚህ የወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፤ የገዛኸውን ዕቃ መጠገን ካልቻልክ የአንተ አይደለም። ሁሉም ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ሊያድለው የሚችል ሲስተም እንደሚሠራ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ነው፤ በእኛ መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም፣ የደመራ ዕለት። ፕሮጀክቱን ግኑ አለው።

የጎደለው ልቡ ነበር። እሱን የሞላው ከስምንት ዓመት በኋላ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት በገዛው ባለ 386 ፕሮሰሰር የቤት ኮምፒውተር ላይ አንድ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም ለዘርፉ ሰዎች ጻፈ። አዲስ አበባ ኢሕአዴግ ከገባ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ወጣቱ ሥራው የትርፍ ጊዜ እንደሆነና ትልቅ ነገር እንደማይወጣው ገልጾ ነበር። ያ ሥራ ሊኑክስ ነው። ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ የሚሠሩት በእሱ ላይ ነው። ዊንዶውስ ብቻ ነው የማውቀው የሚል ሰው ኪሱ ውስጥ ሊኑክስ ይዞ ይዞራል።

ሊኑክስን ወደ ተራው ሰው ቤት ለማድረስ ከሠሩት መካከል ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ኡቡንቱ ስሙን ከአፍሪካ ቋንቋዎች የወሰደ ሲሆን፣ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ኢንተርኔት ቀርፋፋና ውድ ለነበረበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

የእኛ ቤት የራሱ ታሪክም አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም የራሱን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 በወጣው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። የቀድሞዎቹ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር፤ አደራደራቸውም የየራሳቸው ነው። ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ፎንቱ ሲጠፋ «ሰላም» ተብሎ የተጻፈው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ትርምስ ይሆናል። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የዕድር መዝገብ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል። አዲስ ሲስተም መጫን የቴክኒክ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የቤት መዝገብ የሚተርፍበት ወይም የሚጠፋበት ቀን ነው።

በአሮጌው ሲስተም ዝም ብሎ መቀጠልስ? ለዚህ የ2017 ታሪክ መልስ አለው። በዚያ ዓመት ሜይ ወር ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን አዳርሶ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ድጋፉ ያበቃ ሲስተም ሁልጊዜ መከላከያውን ካልጫኑት ወገን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ ማሻሻያ የሚገኝበትን መንገድ ከፍቷል፤ እሱ ግን ዕድሜ መቀጠያ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ሊኑክስም ተአምር አይደለም። ሂሳብ በፒችትሪ የሚሠራ ሰው እንዳለ ሊሻገር አይችልም። አንዳንድ ፕሪንተርና ዋይፋይ ያስቸግራል። ሊኑክስ ራሱ የተወለደበትን 386 ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2012 ትቷል። ልዩነቱ ሁለት ነው። ያ ስንብት 21 ዓመት ፈጅቷል። ውሳኔውን ያልወደደ ደግሞ ጽሑፉ በእጁ ስለሆነ በራሱ መቀጠል አይከለከልም።

ለደብዳቤ፣ ለኢንተርኔት፣ ለፊልምና ለትምህርት ግን አሮጌው ማሽን ይበቃል። ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ቦታ ነው የሚጠይቀው፤ 4 ጊጋባይት ራም ካለ ይመቻል። ፍላሽ ላይ ተጭኖ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ አስቀድሞ መሞከር ይቻላል። የአማርኛ ኪቦርድ ከምርጫዎቹ መካከል አለ፤ ሊብረኦፊስም የወርድ ፋይል ይከፍታል። ቅደም ተከተሉ ግን መታወቅ አለበት። መጀመሪያ ፋይሉን ሌላ ቦታ መገልበጥ፤ የድሮ ፎንት ያላቸውን ጽሑፎች ፎንቱ ሳለ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም ቢያንስ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ፤ ከዚያ በፍላሽ መሞከር፤ መጫን የመጨረሻው ነው። ፎርማት ቀድሞ ቅጂ የሚከተልበት ቤት ጸጸት አያጣም።

ማይክሮሶፍት ሸቀጡን መቼ እንደሚተው መወሰን መብቱ ነው። መብቱ ያልሆነው የሌላውን ሰው ብረት መቅበር ነው። ኮምፒውተር የሚያረጅበትን ቀን ሻጩ ብቻ የሚወስነው ባለቤቱ ምርጫ እንዳለው እስካላወቀ ድረስ ነው፤ ምርጫው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1983 ጀምሮ አለ።