ያልተከፈተው መዝገብ

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ውሉም በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ባለቤትነቱ የሚተላለፈውና የመያዣ መብትም የሚጸናው ግን በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲገባ ነው። ዳሩ ግን ሕጉ ራሱ ስለዚሁ መዝገብ የተጻፈውን ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ አቆየው፤ እስከዚያው በልማድ ይሠራ አለ። ቤቱን ሠርቶ መሠረቱን ለኋላ የማቆየት ያህል ነው።

ቀኑ ሳይታወጅ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደረሰ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ቦታን መሸጥንና በመያዣ መስጠትን ከለከለ። ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ የነበረው ሰው፣ በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ ትርፉን አጣ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አዋጅ ቁጥር 639/2001 ከባንክ ጋር የሚደረገውን የብድርና የመያዣ ውል በውል አዋዋይ ፊት ከመመዝገብ ግዴታ ነፃ አወጣ፤ የሽያጩን ውል ግን አልነካም። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው።

በኪቶ ፉርዲሳ በባንክ ብድር ቤት የሚገዛ ሰው እንግዲህ ከክፍያው በፊት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ከከተማው አስተዳደር የይዞታ ፋይል ማረጋገጥ ይኖርበታል። ባለመያዣው ቤቱን ተከትሎ እስከ አዲሱ ገዥ እጅ ድረስ ይመጣልና።