የዋይፋይ አሰሳ

ስልክ ወይም ላፕቶፕ ይዞ እየተጓዙ በአካባቢው ያሉ የዋይፋይ መረቦችን ስምና ቦታ መዝግቦ ካርታ ላይ ማስፈር በእንግሊዝኛ ዋርድራይቪንግ ይባላል። የስያሜው ሥር እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው «ዋርጌምስ» ፊልም ነው፤ በፊልሙ አንድ ወጣት የሚመልስለት ኮምፒውተር እስኪያገኝ ድረስ ወደ ስልክ ቁጥሮች በተራ ይደውላል። በአማርኛ «የዋይፋይ አሰሳ» ብንለው ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል፤ በእግርም ሆነ በባጃጅ የሚሠራ ነውና።

ዱርቤቴን እንውሰድ። የደቡብ አቸፈር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ፣ ከዚያም ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚዘልቀው አስፋልት ያልፍባታል። አንድ ሰው ዊግል የተባለውን የአንድሮይድ አፕ ከፍቶ በአስፋልቱ ዳር ቢሄድ፣ ዋይፋይ ባለው ሆቴል ወይም ካፌ በር ባለፈ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ይጨመራል። መስመሩ የመረቡን ስም፣ የራውተሩን ባለ 12 ምልክት መለያ፣ ቻናሉን፣ የጥበቃውን ዓይነትና የሲግናሉን ጥንካሬ ይይዛል። ጥንካሬው ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ይጻፋል፤ -40 ሲሆን ራውተሩ ቅርብ ነው፣ -90 ሲደርስ ሲግናሉ ሊጠፋ ነው።

አፑ ይህን ከማንም አይሰርቅም። ራውተሩ ራሱ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ስሙን በአየር ላይ ይለቃል፤ ስልኩ ይህን ተቀብሎ ከጂፒኤስ ያገኘውን ቦታ ያያይዝበታል። ስለዚህ ለአሰሳው ዳታ አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀንም ይሠራል። ኢንተርኔት የሚፈለገው መዝገቡን ወደ ዊግል የጋራ ካርታ ለመላክ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ይህ ካርታ ዛሬ ከ1 ቢሊዮን በላይ መረቦችን ይዟል። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ አንድ አፕ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ እንዲያስስ ስለማይፈቀድለት፣ በአውቶቡስ ከመሮጥ ቀስ ብሎ በእግር መሄድ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ትልቁ ጥቅም ለባለ ራውተሩ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይረባበሹት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ካፌው፣ ጎረቤቱ ሆቴልና ፋርማሲው ሁሉም 6 ላይ ከተደረደሩ ዋይፋዩ ይጎተታል፤ ባለቤቱም «ኔትወርኩ ደከመ» ይላል። አሰሳው ግን መጨናነቁን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ወደ 1 ወይም 11 መቀየር ምንም ወጪ የለውም። ስሙን በአማርኛ መጻፍ ለሚፈልግም አንድ ነገር ልንገር፦ የመረብ ስም ከ32 ባይት አያልፍም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከ10 ፊደል በላይ አይገባም። «ዱርቤቴ ካፌ» በደንብ ይገባል።

ማየት ግን መግባት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉግል የመንገድ ፎቶ የሚያነሱ መኪኖቹ የመረብ ስም ከመመዝገብ አልፈው፣ ካልተቆለፉ መረቦች የሰዎችን መልእክት ጭምር መቅዳታቸውን አምኗል፤ በብዙ አገርም ምርመራ ተካሂዶበታል። በእኛ አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ መግባትን በወንጀል ይቀጣል። የመረቡን ስም ያየ ሰው ፓስወርዱን ልገምት ሲል መስመሩን አልፏል። ባለንበት የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ በጦር ካምፕም ሆነ በመንግሥት ተቋም ዙሪያ ስልክ ይዞ ማሰስ አያስፈልግም።

ራውተር ያላችሁ፣ የቤታችሁን መረብ በዚህ አፕ አንድ ጊዜ ተመልከቱት። ያልተቆለፈ ከሆነ ወይም ጥበቃው ዌፕ የሚል ከሆነ ወደ ደብሊውፒኤ 2 ቀይሩት፤ በመረቡ ስም ላይ የራሳችሁን ስምና ስልክ ቁጥር አትጻፉ፤ ከፋብሪካ የመጣውንም ፓስወርድ ለውጡት።