የመረቡ ዘብ ከየት ይቁም?

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገሮች በካርታ ላይ ሲታዩ የተቀራረቡ ናቸው። በእግሩ ለሚሄድባቸው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በላይ ጋይንት፣ በእስቴና በፋርጣ መካከል ቆሟል፤ የስማዳ ምድር ቆላ ቆላውን ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ላይ ጋይንትም በጨጨሆ በኩል ገደሉን ይዞ ወደ ወሎ ይሻገራል። ከዚህም የተነሣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዳገቱና በቁልቁለቱ ብዛት ጭምር ነው።

መሣሪያን በዚህ አገር ማሻገር ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ከአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ የለም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን የሚመዝን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል ሲያልፉ ሠራዊቱ መንገዱን እየጠረበ፣ መድፉንም በጉልበቱ እየጎተተ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነበር።

ዛሬ በዚያው ምድር ላይ መልእክት በቅጽበት ይሻገራል። መልእክቱን የሚያሻግረው መሣሪያ በተበላሸ ጊዜ ግን ባለሙያው ያንኑ ዳገት መውጣት፣ ያንኑ ቁልቁለት መውረድ ግድ ይሆንበታል። ብልሽቱ የትና ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ቢነሣ የያዘው መለዋወጫ ላይሆን፣ ጉዞውም በከንቱ ሊቀር ይችላል። የመገናኛ መረብን የመጠበቅ ሙያ ታሪክ በመሠረቱ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ጠባቂው ከየት ቆሞ ይመልከት የሚለው ነው።

መስመሩና ሰው

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን መነሻው እ.ኤ.አ. 1894 እንደ ሆነ ይነገራል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 አገልግሎቱ ራሱን በቻለ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሥር ተደራጀ። በዚያ ዘመን የመረቡ ጠባቂ ሰው ነበር። በማዞሪያው ፊት የተቀመጠው ሠራተኛ ከወዲያ ማዶ ድምፅ ሲጠፋበት መስመሩ መቆረጡን ይረዳል፤ የመስመር ሠራተኛውም ምሰሶ ለምሰሶ እየተከተለ የተበጠሰውን ይፈልጋል። ዘዴው አዝጋሚ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ በየጣቢያው የአገሩን ጠባይ የሚያውቅ ዐይን ያለው ሰው ተቀምጦ ነበርና።

ጠይቆ የማወቅ ዘዴ

ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው መነጋገር በጀመሩ ጊዜ ጥያቄው በአዲስ መልክ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ «ፒንግ» የተባለችውን አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሟ ወደ ሩቁ ኮምፒዩተር ትንሽ መልእክት ትልክና የመልሱን መምጣትና የፈጀበትን ጊዜ ትመዘግባለች። ስሟም ከባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የድምፅ መፈለጊያ የተወሰደ ነው። ማዶ ላይ ያለውን ሰው ተጣርቶ ምላሹን ከመጠበቅ ጋር አንድ መሆኑን የደጋ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን በቂ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1988 «ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ.» በመባል የሚታወቀው የጋራ ደንብ ሲወጣ ጠባቂው ኮምፒዩተር እያንዳንዱን መሣሪያ ስንት መልእክት እንዳሳለፈ፣ ስንት ስሕተት እንዳጋጠመው፣ ከተነሣ ስንት ሰዓት እንደ ሆነው መጠየቅ ቻለ። በ1994 ደግሞ ቶቢያስ ኦቲከር በእንግሊዝ አገር በሚገኘው በደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ተቋሙ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበት መስመር በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ብቻ ነበር። መስመሩ ምን ያህል እንደ ተጨናነቀ ለሁሉም ለማሳየት ሲል «ኤም.አር.ቲ.ጂ.» የተባለውን ሶፍትዌር ሠራ፤ የመስመሩን ጭነትም በሥዕል አቀረበ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረውና በኋላ «ናጊዮስ» የተባለው፣ በ2013 የተመሠረተው «ሊብሬ ኤን.ኤም.ኤስ.» እና ሌሎችም ተከታተሉ። እነዚህ ሁሉ በነፃ የሚገኙ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው የኦቲከር ሥራ የተወለደው ከመስመር ጥበት እንጂ ከብልጽግና አለመሆኑ ነው።

ከቀጠሮ ጥሪ እስከ ወረዳ መረብ

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር መልእክት ልውውጥ የተጀመረው እንዲሁ በጠባብ መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው «ፓዲስ» የተባለው የመረጃ ክፍል «ፊዶኔት» በሚባለው ዘዴ ይሠራ ነበር። ተራ ኮምፒዩተር በስልክ መስመር ላይ ተቀምጦ መልእክቶችን ያጠራቅማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይደውላል፤ ያለውን አስረክቦ የመጣለትን ይቀበላል። መስመሩ ባይገኝ መልእክቱ አይጠፋም፤ ይቆያል እንጂ። የኢንተርኔት አገልግሎት በአገሪቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ «ወረዳ ኔት» የተባለው የመንግሥት መረብ ተነደፈ፤ ወደ 600 የሚጠጉ የወረዳ አስተዳደሮችንም በአብዛኛው በሳተላይት አማካይነት ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት ተሠራበት። «ስኩል ኔት» ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈውን የፕላዝማ ትምህርት ይዞ መጣ። ይህ ለሩቅ ወረዳዎች ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የሳተላይት መረብ በኮከብ ቅርጽ ሲዘረጋ ሁሉም ነገር በመሐል ጣቢያው በኩል ያልፋል። ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች ቢነጋገሩ እንኳ መልእክታቸው 36,000 ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ ወጥቶ በመሐል ጣቢያው በኩል ዞሮ ይመለሳል። ጥበቃውም እንደዚሁ ከመሐል ነው። በመሐል የተቀመጠው ጠባቂ የአንድ ወረዳ ምልክት ሲጠፋበት የሚያየው መጥፋቱን ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ይሁን፣ መብረቅ መሣሪያውን መትቶ ይሁን፣ ወይም አንድ ሰው ገመዱን ነቅሎ ይሁን፣ ከዚያ ሆኖ መለየት አይችልም። ባለጉዳዩ ግን በወረዳው በር ላይ ቆሟል፤ ተማሪውም በጨለመው ስክሪን ፊት ተቀምጧል።

በእጅ መዳፍ የምትያዝ ኮምፒዩተር

እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2012 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበችው «ራስፕቤሪ ፓይ» በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራች ሙሉ ኮምፒዩተር ነበረች። ዋጋዋ 35 ዶላር ሲሆን፣ ዓላማዋም ልጆች የኮምፒዩተርን ሥራ እንዲማሩባት ነበር። የምትፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ በመሆኑ በአነስተኛ ባትሪና በፀሐይ ኃይል መሥራት ትችላለች። ብዙም ሳይቆይ የመረብ ባለሙያዎች የጥበቃ ሶፍትዌር ጫኑባት። በዚህም አንድ የቆየ ነገር ተመለሰ፤ እንደ ጥንቱ የማዞሪያ ሠራተኛ ጠባቂው በጣቢያው ላይ ይቀመጥ ዘንድ ተቻለ።

በቦታው የተቀመጠ ጠባቂ ከመሐል ያለው የማያየውን ይለያል። ራውተሩ መልስ እየሰጠ ከዚያ ወዲያ ያለው ዝም ካለ ብልሽቱ በመስመሩ ላይ ነው። ራውተሩ ዝም ብሎ ሌሎቹ የቢሮው መሣሪያዎች ከመለሱ ጉድለቱ የራውተሩ ነው። ሁሉም ዝም ብለው ጠባቂዋ በባትሪዋ ብቻ ከቆየች የሄደው መብራት ነው። ይህን ያወቀ ባለሙያ ከደብረ ታቦር ሲነሣ ምን ይዞ እንደሚነሣ ያውቃል፤ ወይም ከናካቴው መነሣት አያስፈልገውም።

የአተካከሉ ሥርዓት

ሥራው በጽሑፍ ሲነገር ቀላል ነው። የሊኑክስ ሥርዓት በማስታወሻ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ የጥበቃው ሶፍትዌር ከኢንተርኔት ተስቦ ይጫናል፤ የሚጠበቁት መሣሪያዎች አድራሻ ይመዘገባል። በደጋ ወረዳ ግን እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ችግር አለው።

አንደኛው ሶፍትዌሩን የመሳብ ችግር ነው። በቀጭን መስመር ላይ ይህን መሞከር ቀኑን ሙሉ ፈጅቶ ከግማሽ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ጠቅላላው ሥራ በከተማ ተጠናቆ፣ ተፈትሾና በሁለት ካርድ ተገልብጦ መሄድ ይኖርበታል። ሁለተኛው ካርድ ለመጠባበቂያ ነው፤ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ ያለ ካርድ ይበላሻልና። መዝገቡም መጠኑ አስቀድሞ በተወሰነና ቦታው ሲሞላ አሮጌውን እያጠቃለለ በሚዞር ፋይል ቢያዝ ካርዱ አይሞላም። ጥያቄው በየ5 ደቂቃው ቢደረግ በቀን 288 ጊዜ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ በወረዳው ውስጥ ቀርቶ ማጠቃለያው ብቻ ወደ መሐል ቢላክ ጠባቡ መስመር ከሸክም ይድናል።

ሁለተኛው የሰዓት ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው አምስተኛው ትውልድ በፊት የነበሩት ሰሌዳዎች የራሳቸው ሰዓት ስለሌላቸው ጊዜውን የሚያውቁት ከመረቡ ጠይቀው ነው። መብራትና መስመር አብረው ጠፍተው መብራቱ ብቻ ሲመለስ ጠባቂዋ ያለፈውን ሰዓት ይዛ ትነቃለች፤ መዝገቧም ሐሰት ይሆናል። ባለባትሪ የሰዓት ክፍል መጨመር ያሻል። ከዚህም ሌላ ማሽኑ 14፡00 ብሎ የጻፈው በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 8፡00 ያለው ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። የወረዳው ጸሐፊ በደብተሩ ያሰፈረውና ማሽኑ የመዘገበው ሳይስማሙ ቀርተው ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያውን የመላክ ጉዳይ ነው። የመስመሩን መቆረጥ የሚያስታውቅ መልእክት በተቆረጠው መስመር ሊሄድ አይችልም። የሞባይል አገልግሎት ባለበት በስልክ የጽሑፍ መልእክት ይላካል፤ ያም ከሌለ እንደ ፊዶኔት አጠራቅሞ መስመሩ ሲመለስ ማስረከብ ይቻላል። መሣሪያዎቹ ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት «ፐብሊክ» የተባለው የማለፊያ ቃል መለወጡም የግድ ነው፤ ሳይለወጥ የቀረ እንደ ሆነ የጠባቂው በር ለሌባም ክፍት ነው።

የመዝገብ ዋጋ

የመረብ ዘብ ሁሉን አይጠግንም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ምክንያቱ የመሣሪያ ብልሽት አልነበረም፤ ለእንዲህ ያለው መቋረጥ መፍትሔው ከባለሙያ እጅ ውጭ ነው። ሆኖም ብልሽትን ከውሳኔ፣ የመብራትን መጥፋት ከመስመር መቆረጥ ለይቶ የሚያሳይ ትክክለኛ መዝገብ መኖሩ ራሱ አገልግሎት ነው። መዝገብ በሌለበት አንዱ መሥሪያ ቤት በሌላው ላይ ያሳብባል፤ የቸገረው ሰውም ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። መዝገብ ያለው ወረዳ ግን ባለፈው ወር ስንት ሰዓት አገልግሎት እንዳጣና በምን ምክንያት እንደ ሆነ በቁጥር ተናግሮ መብቱን መጠየቅ ይችላል።

ዛሬ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በጋፋት ስም ሰይሟል። የጥንቱ ጋፋት የሠራው መሣሪያ በክብደቱ አገሩን አስጨንቆ አለፈ፤ የዛሬው ጋፋት ተማሪ በኮት ኪሱ ይዞት የሚሄደው መሣሪያ ግን ለወረዳው ዐይን ሊሆነው ይችላል። ነገር ግን ሰሌዳዋ ብቻዋን ዘብ አትሆንም። አቧራዋን የሚያራግፍ፣ ካርዷን የሚለውጥ፣ ከሁሉም በላይ መዝገቧን የሚያነብ ሰው በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ መሠልጠን አለበት። የሙያው ማኅበርተኞች በየዓመቱ ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች ሲወያዩ ይህን አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል፤ የመረቡ ዘብ የሚቆመው መረቡ ከሚያገለግለው ሕዝብ ዘንድ ነውና።