ስም፣ መቃብርና የወርቅ ጉድጓድ፦ ካካሜጋ ከናይሮቢ ቤተ መዛግብት ሲነበብ

በናይሮቢ በሞይ ጎዳና ላይ የቆመው የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃ ቀድሞ የባንክ ቤት ነበር። አያቱ በካካሜጋ ወርቅ ማውጫ እንደሠራ ከቤተሰቡ የሰማ ሰው ወደዚያ ሲገባ መጀመሪያ የሚያሰናክለው የሰነድ እጥረት አይደለም፤ የስም ጉዳይ ነው። «ካካሜጋ» ብሎ የፋይሎቹን ዝርዝር ቢያገላብጥ ብዙው ያመልጠዋል፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአስተዳደሩ ወረቀቶች አውራጃውን የሚጠሩት «ሰሜን ካቪሮንዶ» ብለው ነበርና። «ሉህያ» የሚለውንም ሕዝብ በዚያ ዘመን ደብዳቤዎች እምብዛም አያገኘውም። የየራሳቸው መጠሪያ የነበራቸው ወገኖች በዚህ የጋራ ስም መጠራት የጀመሩት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ነው። በ1964 ናይሮቢ ውስጥ የአባሉህያ እግር ኳስ ቡድን ሲመሠረት ስሙ ገና የአንድ ትውልድ ዕድሜ ብቻ ነበረው።

በካካሜጋ ወርቅ የተገኘው በ1931 ነው። የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ የቡናና የበቆሎን ዋጋ ባወረደበት ወቅት ዕዳ የተጫናቸው ነጭ ገበሬዎች እርሻቸውን እየተዉ ወደ ምዕራብ ጎረፉ። ቦታው ግን ሰው የሚኖርበትና በቤተሰብ በቤተሰብ የተያዘ፣ ለአገሬው ተወላጆች የተከለለ መሬት ነበር። በ1930 የወጣው የአገር ተወላጆች መሬት ሕግ ከዚህ ክልል መሬት ከተወሰደ በምትኩ ሌላ መሬት እንዲሰጥና የአካባቢው ምክር ቤት አስቀድሞ እንዲጠየቅ ያዝዝ ነበር። ሕጉ ሦስት ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1932 መጨረሻ ተሻሻለና ለማዕድን ሲባል መሬቱ ያለ ምትክ መሬት፣ በገንዘብ ካሳ ብቻ እንዲወሰድ ተፈቀደ። ነገሩ በለንደን ፓርላማ ሳይቀር ክርክር አስነሥቷል።

ይህ ሕግ የቤተሰብ ታሪክን የሚነካው በአንድ ግልጽ ምክንያት ነው። የሉህያ ቤተሰብ ሙታኑን የሚቀብረው በገዛ ግቢው ውስጥ ነው። ግቢው የትውልድ መዝገብ ነው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚታወቀው ማን በየትኛው ቤት አጠገብ እንዳረፈ በማስታወስ ነው። ሕፃን በሞተ አያቱ ስም መጠራቱም የተለመደ በመሆኑ አንዱ ስም በየትውልዱ ይመላለሳል፤ ሁለቱን ባለ ስሞች የሚለየው መቃብሩና ስለ መቃብሩ የሚነገረው ቃል ነው። ለመሬቱ የሚከፈል ሽልንግ ይህን ሊተካ አይችልም።

ለመቃብሩ ምትክ የሚመስል ነገር ያለው በኪፓንዴው ውስጥ ነው። በ1915 በወጣውና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሥራ ላይ በዋለው የምዝገባ ሕግ መሠረት ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ የመታወቂያ ወረቀቱን በብረት ማኅደር ከትቶ በአንገቱ ያንጠለጥል ነበር። በወረቀቱ ላይ ስሙ፣ ወገኑና የጣት አሻራው፣ እንዲሁም የአሠሪው ስም፣ የተቀጠረበትና የተሰናበተበት ቀን ከነደመወዙ ይጻፋል። ወረቀቱ የተዘጋጀው ሥራ ጥሎ የጠፋን ሰው ለመያዝ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጅ የሚፈልገው አያትም በዚያው ይታያል። አያቲቱ ግን የለችም፤ ሕጉ ሴቶችን አልመዘገበምና። ስለዚህ ከመዝገቡ ብቻ የሚጻፍ የካካሜጋ ቤተሰብ ታሪክ ከመነሻው እናቶች የሌሉበት ይሆናል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ የምትገኘው የወርቅ ከተማ በአንዱ ሰነድ አዶላ፣ በሌላው ክብረ መንግሥት ናት፤ ሁለቱንም የማያውቅ ፈላጊ ግማሹን ታሪክ ይተዋል። ልዩነቱ በሰው ስም ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚለወጥ ሰንሰለቱ በራሱ አቅጣጫ ያሳያል፤ ሰባት ቤት የቆጠረ ሰው ያለ ወረቀትም ወደ ኋላ መሄድ ይችላል። በካካሜጋ ስሙ ተመልሶ ስለሚመጣ ቆጣሪው ስሙን ከቦታው ጋር ካላያያዘ በክብ ይዞራል።

እንግዲህ ፈላጊው ከናይሮቢ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሮስተርማን መድረስ አለበት። በዚህ ስም የሚታወቀው ትልቁ ማውጫ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተዘግቷል፤ የሰፈሩ ስም ግን እንዳለ ቀርቷል። በዚያ ለሽማግሌ መቅረብ ያለበት ጥያቄ «አያቴን ያውቁታል?» የሚለው አይደለም፤ ያን ስም የያዙ ብዙዎች ናቸውና። «ከመቆፈሩ በፊት እዚህ ማን ተቀብሮ ነበር?» የሚለው ነው። ሽማግሌው ሲመልስ በእጁ የሚጠቁምባቸው ጉድጓዶች ዛሬም ባዶ አይደሉም፤ ወንዶች በገመድ ይወርዱባቸዋል፤ ከአፋቸው ላይ ደግሞ ሴቶች ተቀምጠው የወጣውን ድንጋይ በመዶሻ ይሰብራሉ።