የወንጂ ጉድጓዶችና የማይታየው ፍሎራይድ

በኢትዮጵያ ቤቶች የመጠጥ ውሃ ንጽሕና ለረጅም ዘመን የተመዘነው በዓይን፣ በአፍንጫና በምላስ ነበር። የደፈረሰው ውሃ በጋን ውስጥ እስኪጠልል ይቆያል፤ ጉድፉና አልቅቱም በነጠላ ይጣራል። ይህ ልማድ ለወንዝና ለኩሬ ውሃ የሚበጅ ሲሆን፣ ከመሬት ጠልቆ ጥርት ብሎ በሚወጣ ውሃ ውስጥ ስለሟሟ ማዕድን ግን ሊያውቅ የሚችለው ነገር አልነበረም። የዚህ ክፍተት ዋጋ በጉልህ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ወንጂ ነው።

ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከአዳማ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር በተከለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ከከምባታ፣ ከሐድያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች በሸንኮራ እርሻው መካከል በተሠሩ መንደሮች ሰፈሩ። ለመጠጥ የተቆፈሩት ጉድጓዶች የሚሰጡት ውሃ ለዓይን እንከን የለሽ ነበር። ሆኖም የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዊ አለት ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል፤ ውሃው የካልሲየም እጥረት ስላለበትም ፍሎራይዱ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ከመዝቀጥ ይልቅ እንደሟሟ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተለክቷል።

ጉዳቱ አዝጋሚ ነው። ጥርሳቸው ገና በመፈጠር ላይ ያለ ሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፤ ለዓመታት የጠጡት አዋቂዎች ደግሞ ጅማታቸው እንደ አጥንት ይደድራል፣ አከርካሪያቸው ይገተራል፣ ከባድ በሆነበት ጊዜም ሕብለ ሰረሰር ተጨፍልቆ እግር ይሽመደመዳል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት የስምጥ ሸለቆውን ፍሎሮሲስ፣ ማለትም በፍሎራይድ ብዛት የሚመጣውን በሽታ፣ በዝርዝር አቅርበዋል። በጉልበታቸው ስኳሩን ያመረቱ ሰዎች ወገባቸውን ያጡት በሚጠጡት ውሃ መሆኑ፣ የኢንዱስትሪው ታሪክ ሲጻፍ በግርጌ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው።

መፍትሔ ፍለጋው ወደ ቤት ውስጥ ማጣሪያ ያመራው ማፍላት ስለማይረዳ ነው፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ፍሎራይድ ይከማቻል። ከሕንድ የመጣውና በናልጎንዳ አውራጃ ስም የሚጠራው ዘዴ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ይጠቀማል፦ ሁለቱ በባልዲ ውሃ ላይ ተጨምረው በመጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያም በዝግታ ይማሰላሉ፤ ጥጥ የመሰለው ዝቃጭ ፍሎራይዱን ይዞ ከታች ሲረጋ፣ ከላይ ያለው ውሃ በቧንቧ ይቀዳል። የመድኃኒቱ ልክ ከውሃው የፍሎራይድ መጠን ጋር መስማማት ስላለበት ግን ሥራው በየዕለቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሸክሙም የሚያርፈው ውሃ በሚቀዱት ሴቶች ላይ ነው።

ሌላው ዘዴ የከብት አጥንት አየር በሌለበት እሳት ከስሎ የሚገኘው የአጥንት ከሰል ነው። ከአጥንቱ የቀረው ማዕድን ፍሎራይድን ወደ ራሱ ይስባል፤ ከሞላ በኋላ ግን መሳቡን ያቆማል፣ ውሃውም እንደበፊቱ ጥርት ብሎ፣ ጣዕሙም ሳይለወጥ ይወርዳል። መሙላቱን የሚያሳውቀው የውሃው የፍሎራይድ ልኬት ብቻ በመሆኑ፣ ማጣሪያውን አድሎ የሚለካ ባለሙያ ያልመደበ ፕሮግራም ቤተሰቡን ተጠብቄያለሁ ብሎ እያመነ ፍሎራይድ እንዲጠጣ ይተወዋል።