ሁለት ሺህ ሜትር ዳርቻ
(ስለ ጋምቤላ የወንዝ ወደብ)

ወደብ ሲባል ለሁላችንም ባሕር ይታየናል። ምጽዋ፣ አሰብ፣ ጅቡቲ እንላለን። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ደግሞ «ወደብ አልባ» የሚለው ቃል ከአፋችን ተለይቶ አያውቅም። በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ስሙ የማይነሣ አንድ ወደብ አለ። ይህ ወደብ የጨው ውኃ አልነካውም፤ ማዕበልም አያውቅም። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከደጋው ግርጌ በባሮ ወንዝ ዳርቻ ይገኛል። ጋምቤላ ነው።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ከዚህ ዳርቻ በመርከብ እየተጫነ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። እዚህ የምናነሣው ጥያቄ ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ያ ዳርቻ የማን ነበር? መርከቡን ያመጣው፣ ሸክሙን ከደጋ ያወረደው፣ ትርፉን የቆጠረው፣ በዳርቻውም ላይ ተወልዶ ያደገው፣ እነዚህ አራቱ አንድ ሰው አልነበሩም። የወደቡ ታሪክ የአራቱም ታሪክ ነው፤ እስካሁን በብዛት የተጻፈው ግን የመጀመሪያውና የሦስተኛው ነው።

ወንዙና ሰዎቹ

ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች በኢሉባቦር ደጋ ተገናኝተው ባሮን ይሠራሉ። ባሮም በጫካና በገደል መካከል እየተወረወረ ወርዶ ጋምቤላ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይረጋጋል፤ ይሰፋል። ከዚያ በኢታንግና በጅካዎ በኩል ወደ ምዕራብ ይሄድና ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ይባላል። ሶባትም ከማላካል ብዙ ሳይርቅ ነጭ ዓባይን ይገናኛል። እንግዲህ ጋምቤላ ላይ የተጣለ ቅጠል ካልሰመጠ በቀር ካርቱም ይደርሳል ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ወንዞች መካከል የንግድ መርከብ ከውጭ ገብቶ ጭኖበት የወጣ ይኸው ባሮ ብቻ ነው።

ባሮ የሚለው ስም ከመለመዱ በፊትም ሆነ በኋላ ለአኝዋ ሕዝብ ወንዙ ኦፔኖ ነው። አኝዋ በወንዙ ግራና ቀኝ መንደር ሠርቶ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ በቆሎና ማሽላ ዘርቶ የሚኖር ሕዝብ ነው። አዘራሩም የሚያስገርም ነው። በዝናብ አንድ ጊዜ ይዘራል፤ ዝናቡ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ውኃው ለቆት በሄደው እርጥብ አፈር ላይ እንደገና ይዘራል። ወደ ታች ወረድ ሲባል ከከብቱ ጋር የሚንቀሳቀሰው የኑዌር ሕዝብ ይገኛል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ምሥራቅ እየሰፋ እስከ ባሮ ሜዳ ደርሷል። ስለዚህ «ማንም ያልነበረበት በረሃ ላይ እንግሊዞች ከተማ ቆረቆሩ» የሚባለው ተረት ተረት ነው። ከግንድ የተፈለፈለው ታንኳ ከእንፋሎት መርከቡ በፊት በወንዙ ላይ ነበረ፤ ከመርከቡም በኋላ ቀርቷል።

አንድ አንቀጽ፣ አንድ ዳርቻ

ነገሩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ላይ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ስምምነት ፈረሙ። ስለዚህ ስምምነት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው። አራተኛውን የሚያስታውስ የለም ማለት ይቻላል። እሱ እንዲህ ይላል በአጭሩ፦ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ወንዝ ላይ፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር ያልበለጠ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ይሰጣል፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የንግድ ጣቢያ ሆኖ ያገለግላል፤ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ አይውልም።

ዳርቻው በሜትር ተለካ። በዚያ 2000 ሜትር ውስጥ የማን መንደር፣ የማን እርሻ፣ የማን ዓሣ ማጥመጃ እንዳለ ግን አንቀጹ አንድ ቃል አይናገርም። ለነገሩ ይኸው ስምምነት ያሰመረው ወሰን ራሱ ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ይዞ ስለሚሄድ አኝዋንም ኑዌርንም ለሁለት ከፍሏቸዋል። ለወንዝ ዳር ሰው ወንዝ መገናኛ ነው፤ ለካርታ ሠሪ ግን የተዘጋጀ መስመር ሆኖ ተገኘለት።

ስምምነቱ ኢታንግን ቢጠቅስም ጣቢያው የተቋቋመው ከዚያ ወደ ላይ ጋምቤላ ላይ ነው። ጋምቤላ ለደጋው ቅርብ ነው፤ የመርከቡ መንገድ የሚያልቅበት፣ የደጋው መንገድ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ ለምን ፈለጉ? ፈረንሳይ ከጅቡቲ እየዘረጋችው የነበረው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የኢትዮጵያ ንግድ በሙሉ ወደ ጅቡቲ እንዳይነጉድ፣ ቢያንስ የምዕራቡ ቡና በነጭ ዓባይ በኩል ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ ፖርት ሱዳን እንዲሄድ ነው የታሰበው። ምኒልክም ቢሆኑ ያለ ስሌት አልፈረሙም። የግዛታቸው ምዕራባዊ ጫፍ ከባሕር በሮቹ እጅግ የራቀ ነበር፤ በዚያ በኩል አንድ የንግድ በር ቢከፈት ቀረጡ ለመንግሥት ይጠቅም ነበር።

በጋ ተሸካሚ፣ ክረምት መርከብ

የወደቡ አሠራር ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። ችግሩ ሁሉ ከቀን መቁጠሪያ ይመነጫል።

ቡና በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋ የሚለቀመው ክረምት ከወጣ በኋላ ነው። ባሮ መርከብ የሚሸከመው ደግሞ ክረምት ሲገባ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በበጋ ውኃው ጎድሎ አሸዋው ብቅ ብቅ ይላል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ግን የደጋው መንገድ ጭቃ ሆኖ ይዘጋል። ወንዙ ሲከፈት መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት ወንዙ ይዘጋል! ስለዚህ ቡናው በበጋ ከጎሬ በቡሬ በኩል፣ ከሰዮ (ደምቢዶሎ) ደግሞ በሌላው መንገድ እየወረደ ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ይከማቻል። ውኃው እስኪመጣ ወራት ይጠብቃል። ሰኔ ላይ ከካርቱም መርከቦቹ በጎናቸው ጭነት የሚይዙ ጠፍጣፋ ጀልባዎች አስረው ይመጣሉ። ሲወርዱ 7 ቀን ያህል፣ ሽቅብ ሲመጡ 11 ቀን ያህል ይፈጅባቸው ነበር። የመጣው አቡጀዴና ጨው ይራገፋል፤ ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ይጫናል። ሳይወጣ ውኃ የቀደመው መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ነው ዕጣው።

ይሄ ጥበቃ ደግሞ ባለጸጋውን ከድሃው ለየ። ቡና በጥር ገዝቶ ገንዘቡን እስከ መስከረም ወይም ከዚያ በላይ ሳያይ መቆየት የሚችል ማን ነው? ጓዳ ጎድጓዳውን ለቡና ሽያጭ የሚጠብቅ ገበሬ አይችልም። የደጋው ሲራራ ነጋዴም አቅሙ ውስን ነው። የሚችሉት ከካርቱምና ከዚያም ማዶ ዱቤ የሚያገኙት፣ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች፣ የውጭ ኩባንያዎችም ነበሩ። ወንዙ ራሱ በአመሉ ለባለ ብዙ ካፒታል አደላ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከደጋው ጫፍ እስከ ሜዳው ያለው ቁልቁለት ሌላ ጣጣ ነበረው። ቆላው የገንዲ ዝንብ ያለበት ነው፤ በቅሎና አህያ ሲወርዱ በገንዲ ይታመማሉ፣ ያልቃሉ። እንስሳው ባለቀበት የሰው ትከሻ ይተካል። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ካርቱም የደረሰው በእንፋሎት ኃይል ነው ተብሎ ሲጻፍ እናያለን። እውነት ነው፤ ግን እስከ ዳርቻው ያደረሰው የተሸካሚው ጀርባ ነው። የመርከቡ ጭነት በደረሰኝ ተመዝግቧል፤ የተሸካሚው ስም ግን የት አለ?

ጦርነት በንግድ ጣቢያ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የተረፈው መንግሥት መቀመጫውን ጎሬ አደረገ። ራስ እምሩም የጥቁር አንበሳ አርበኞችም ዓይናቸው ወደ ምዕራብ ነበር፤ ከጎሬ በስተጀርባ ያለው በር ጋምቤላ ነዋ። የውጭ እርዳታ ግን በዚያ በር አልገባም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ።

ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀ በኋላ ጋምቤላን ያዘ። «ለጦር ሥራ አይውልም» የተባለለት ዳርቻ የጦር ግንባር ሆነ። ስለ አኝዋና ስለ ኑዌር በመጻፍ ስሙ የታወቀው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ኤቫንስ ፕሪቻርድ በዚያን ጊዜ ጠመንጃ የያዙ አኝዋዎችን አስከትሎ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች አካባቢ ጣሊያኖችን ይዋጋ ነበር። መጋቢት 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ጋምቤላን ከጣሊያን ያስለቀቁት ከቤልጂክ ኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ናቸው። ከዚያም ሽቅብ ወደ ሰዮ ወጥተው ሰኔ 26 ቀን የጄኔራል ጋዜራን እጅ መስጠት አይተዋል። የኮንጎ ልጅ ለኢትዮጵያ ነፃነት በባሮ ዳርቻ ደሙን ማፍሰሱን ስንቶቻችን እናውቃለን? እሱ ራሱ በቅኝ ገዢ ባንዲራ ሥር ሆኖ ለሌላው ነፃነት መዋጋቱስ እንዴት ያለ የታሪክ ምፀት ነው!

ወደቡ እንዴት ተዘጋ?

የኪራዩ ውል ዕድሜ ከመጀመሪያው ተወስኖ ነበር፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ድረስ። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ወጣች፤ በዚያው በፈረንጆቹ 1956 ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። ዳርቻው የራሳችን ሆነ። ነገር ግን ዳርቻው ሲመለስ መርከቡ እየራቀ ሄደ። የደጋው ቡና በመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ወደቦች ዞረ። በደቡብ ሱዳን የተነሣው ጦርነት እስከ 1964፣ ዳግመኛም ከ1975 እስከ 1997 ዓ.ም. ወንዙ የሚያልፍበትን አገር አወከ። ነጋዴ የሚያልፍበት ዳርቻ ስደተኛ የሚሻገርበት ሆነ፤ ኢታንግ ስሟ በዓለም የተሰማው በስደተኞች መጠለያዋ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. አገር ከሆነች በኋላም በ2006 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ሰው እንደገና ወደ ባሮ ሸሸ። ወንዙ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ማለት ነው፤ የሚያሻግረው ተለወጠ እንጂ።

ዳርቻውን ለሚያይ

ጋምቤላ የሚሄድ ሰው ምን ያያል? ትልቁን የባሮ ድልድይ ያያል። አመሻሹ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን፣ ዓሣ ይዞ የሚመጣውን ያያል። የማንጎ ጥላ አለ። አዞ ስላለ ያልለመደ ሰው የአገሩን ልጅ ሳይጠይቅ ውኃ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ከከተማው ወጣ ሲባል በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ነጭ ጆሮ የሚባለው ቆርኬ መሳይ አጋዘን በብዙ ሺህ እየሆነ በየዓመቱ በዚያ በኩል ይሰደዳል። ይህ ሁሉ ደስ ያሰኛል። ብቻ ዳርቻውን እንደ መናፈሻ ብቻ አይቶ መመለስ ግማሹን ትቶ መምጣት ነው።

እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። መርከቡ ሲያፏጭ በልጅነታቸው የሰሙ፣ በ1948 ዓ.ም. አሥር ዓመት የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሰማንያውን ዘለዋል። የንግዱ መዝገብ በካርቱምና በለንደን መዛግብት ቤቶች ይቆያል፤ እነሱ ግን አይቆዩም። የታሪክ፣ የቋንቋና የፎክሎር ተማሪዎች ነን እያልን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋ ብለን በየኮሪደሩ ስናማርር እንውላለን። ርዕሱ ባሮ ዳር ተቀምጦ ይጠብቀናል።

ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት ወደዚያ የምትሄዱ፣ በተለይም እዚያው የተወለዳችሁ ጓደኞቻችን፣ ደብተር ያዙ። መርከቡ የሚቆምበትን ቦታ አኝዋዎች በቋንቋቸው ምን ይሉት እንደነበር ጠይቁ። ከቡሬ ጋምቤላ ለአንድ ሸክም ስንት ይከፈል እንደነበር፣ ተሸካሚው መንገድ ላይ ምን እየበላ የት ያድር እንደነበር ጠይቁ። ጣቢያው ሲከለል ከ2000 ሜትሩ ውስጥ የተነሣ መንደር ነበረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ነበረ ካሉ ስሙን ጻፉት። ለሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።