ተራራውን ማን ዘጋው?
የተራራ ብስክሌትና የጋራ መንገድ አጭር ታሪክ

ከዋሽንግተን፣ ከጆርጅታውን ተነሥቶ ወደ ሜሪላንድ የሚዘልቀውን የቦይ ዳር መንገድ በዚህ አካባቢ የምንኖር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጎረቤቴ እናት ጋር በዚያ ስንንሸራሸር አንድ ብስክሌተኛ ከኋላችን መጥቶ በእንግሊዝኛ «በግራህ!» ብሎ ጮኸ። በግራችሁ በኩል ላልፍ ነውና ቀኝ ያዙ ማለቱ ነው። እማማ ቋንቋውን ስለማያውቁ ድምፁን ሲሰሙ ደንግጠው ዞሩ፤ ሲዞሩም አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄዱ። ብስክሌቱ ነጠላቸውን ታክኮ አለፈ። ሰውየው መለስ ብሎ እንኳ አላየም። እማማ ካማተቡ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ ደወል የለውም እንዴ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አገር ብዙ ጠብ ያስነሣ፣ ብዙ መንገድ ያዘጋ ጥያቄ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ላጫውታችሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ብስክሌት ከአስፋልት ውጭ መነዳት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1897 ዓ.ም. ሃያ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች በአንድ ነጭ መኮንን መሪነት ከሞንታና እስከ ሴንት ሉዊስ ከተማ 1,900 ማይል ያህል በብስክሌት ተጉዘዋል። ተራራውን፣ ጭቃውንና አሸዋውን አልፈው በ41 ቀን ደርሰዋል። ዛሬ «የተራራ ብስክሌት» የምንለው ዓይነት ግን የተወለደው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በሚገኘው በማሪን አውራጃ ነው።

በ1970ዎቹ የዚያ አካባቢ ወጣቶች በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ ከባድ አሮጌ ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ፣ ወፍራም ጎማቸውን ተማምነው ከተራራ መውረድ ጀመሩ። ጥቅምት 21 ቀን 1976 ፌርፋክስ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ የመጀመሪያውን ውድድር አደረጉ። መንገዱ 2 ማይል ያህል ሲሆን ቁልቁለቱ 1,300 ጫማ ይወርዳል። የብስክሌቶቹ ፍሬን ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለነበር ግራሶው ነዶ ይጨስ ነበር። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ስለሆነ መንገዱ «ሪፓክ» ተባለ፤ እንደገና መሙላት እንደማለት ነው። ጋሪ ፊሸር ይህን ቁልቁለት በ4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ወርዶታል። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ተግባር የሚሆን አዲስ ብስክሌት በእጁ ሠራ። ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ደግሞ በ1979 ቶም ሪቺ የሚሠራውን እየገጣጠሙ መሸጥ ጀመሩ። በ1981 የፋብሪካው ምርት ገበያ ላይ ዋለ፤ ጥቂት ጓደኛሞች ይጫወቱበት የነበረው ነገር የሚሊዮኖች ሆነ።

ጠቡም ያን ጊዜ መጣ። የማሪን ተራራ፣ ታማልፓይስ፣ ባለቤት አልባ አልነበረም። እግረኞች ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የወጡት፣ ማኅበር አቋቁመው መንገዱን የጠረጉት፣ ፈረሰኞችም የለመዱት ተራራ ነው። ከጠባብ መታጠፊያ ድንገት ብቅ ብሎ የሚወርድ ብስክሌት እግረኛውን አስደነገጠ፤ ፈረሱን አስበረገገ። ቅሬታ ተከማቸ። በ1980ዎቹ ጠባቦቹ የእግር መንገዶች ለብስክሌት ተዘጉ፤ ብስክሌተኛው በሰፋፊዎቹ የእሳት መከላከያ መንገዶች ብቻ እንዲሄድ ተወሰነ። በእነዚያም ላይ ቢሆን ፍጥነቱ ከ15 ማይል፣ ሰው ሲያልፍና ማዶው በማይታይ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ከ5 ማይል እንዳይበልጥ ተደነገገ። ጠባቂዎችም እንደ አውራ ጎዳና ፖሊስ ራዳር ይዘው ቆሙ። የተራራ ብስክሌት በተወለደበት ተራራ ላይ ተከለከለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ተራራውን ያዘጋው የሁሉም ብስክሌተኛ ጥፋት አልነበረም፤ የጥቂቶች ነው። ነገር ግን እግረኛውና ፈረሰኛው ማኅበር ነበራቸው፤ በስብሰባ ላይ ተገኝተው ይናገራሉ። ብስክሌተኛው ግን የሚናገርለት አልነበረውም። ይህ ሲገባቸው በ1988 የካሊፎርኒያ ብስክሌተኞች ማኅበራት ተሰባስበው ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ያነገቡትም «መብታችን ይከበር» የሚለውን መፈክር ብቻ አልነበረም። ለራሳቸው ሕግ አወጡ፤ አካፋና ዶማ ይዘው መንገድ መጠገን ጀመሩ። በ1994 ሲቃወማቸው ከነበረው ከታላቁ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከሲዬራ ክለብ ጋር ተቀምጠው ተስማሙ። በአገሪቱ በብዙ ቦታ መንገድ የተከፈተላቸው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በማሪን ግን ቂሙ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ በ2024 ጥቂት ጠባብ መንገዶችን ለሙከራ ለመክፈት ሲወሰን ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። በፍጥነት የጠፋ መተማመን የሚመለሰው በዝግታ ነው።

የሕጎቹ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በተፈቀደ መንገድ ብቻ ንዳ። ብስክሌተኛ ለእግረኛም ለፈረሰኛም ያሳልፋል፤ የሚወርድ ለሚወጣ ያሳልፋል። ፈረስ ስታይ ቁም፤ ከተቻለም በቁልቁለቱ በኩል ሁን፤ ከበላዩ የቆመ ነገር ፈረስን ያስፈራዋልና። ድምፅህን አሰማ፤ ሰው መሆንህን ሲያውቅ ይረጋጋል። ፍሬን ጨምድደህ አትንሸራተት፤ በጭቃ ጊዜም አትንዳ፤ ጎማው የቆፈረውን ቦይ ዝናቡ ገደል ያደርገዋል። ሄልሜትህን አትርሳ።

ወደ እማማ ጥያቄ ልመለስ። ያ የቦይ ዳር መንገድ 184 ማይል ተኩል ይረዝማል፤ ድሮ በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚሄዱበት ነበር። በ1950ዎቹ የመኪና መንገድ ሊሠራበት ሲታሰብ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 ዳር እስከ ዳር በእግራቸው ተጉዘው ተከራከሩለት፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። በፓርኩ ደንብ ብስክሌተኛ ለእግረኛ ማሳለፍ፣ ሰው ዘንድ ከመድረሱም በፊት ደወል ወይም ጥሩምባ ማሰማት አለበት። ስለዚህ እማማ ደንቡን ሳያነቡ አውቀውታል።

ለነገሩ እንዴት አያውቁት? በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቁን ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር። ልጆቻችን ዛሬ ብስክሌት ይገዛሉ፤ ይግዙ፣ ተራራውም ይድረሳቸው። ከብስክሌቱ ጋር ግን ደወል እንግዛላቸው፤ ይህንንም የአባቶቻቸውን ወግ እንንገራቸው። እናቶቻችንንም «በግራህ» የሚል ጩኸት ከኋላ ሲሰሙ ሳይዞሩ ቀኛቸውን እንዲይዙ እናስተምራቸው። እማማ ተምረዋል። አሁንም እሑድ እሑድ እዚያው መንገድ ላይ ናቸው።